የቱሉ ፈራ አፈር በአምስተርዳም

አዲስ አበባ ሳለሁ ፒያሳ በሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ለዘጠኝ ዓመታት ሠርቻለሁ። እንጀራዬ የሠርግ፣ የምርቃትና የፓስፖርት ፎቶ ስለነበር፣ ወደ ኔዘርላንድስ ተሰድጄ ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ከጀመርኩ በኋላም ልቤ ከካሜራ አልተላቀቀም። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1955 እዚሁ አገር የተጀመረውን የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ውጤት በየዓመቱ በጉጉት እጠብቅ ነበር።

የእ.ኤ.አ. 2020 ውጤት በሚያዝያ ወር ሲነገር ወረርሽኙ ሁላችንንም ቤት ዘግቶብን፣ የሽልማቱ ሥነ ሥርዓትም ተሰርዞ ነበር። ሆቴሉ ባዶ ሆኖ እኔም ከሥራ ውጭ ስለነበርኩ ስልኬን ስነካካ፣ ከአሸናፊዎቹ መካከል ሙሉጌታ አየነ የሚል ስም አነበብኩ። ከ125 አገሮች የመጡ ከ4,000 በላይ ባለሙያዎች ወደ 74,000 የሚጠጉ ፎቶዎችን ባቀረቡበት ውድድር፣ ለዜና ወኪሉ ለአሶሺየትድ ፕሬስ ይሠራ የነበረው ይህ የአገሬ ልጅ በሰበር ዜና ተከታታይ ፎቶዎች ዘርፍ አንደኛ ወጥቷል፤ አንደኛው ፎቶውም ለዓመቱ ምርጥ ከታጩት ስድስት ሥራዎች መካከል ገብቷል። በደስታ ከመቀመጫዬ ብድግ ካልኩ በኋላ ነበር ፎቶው የምን እንደሆነ ያስተዋልኩት፤ ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎችን ይዞ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ ስድስት ደቂቃ ያህል እንደበረረ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ በተባለ ስፍራ ወድቆ አንድም ሰው አልተረፈም። አስከሬን ለይቶ መቅበር ስላልተቻለ ለቤተሰብ የተሰጠው ከስፍራው የተዘገነ አፈር ነበር፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በተፈጸመው የቀብር ሥነ ሥርዓትም አስከሬን የሌለባቸው 17 ሳጥኖች ተሰልፈው አይተናል። ሙሉጌታ ያን ፎቶ ያነሣው አደጋው በደረሰ በአራተኛው ቀን፣ የሟች ዘመድ የሆነች ሴት ከስፍራው አፈር ዘግና ፊቷ ላይ ስትበትን ነው።

የዚህ አገር በጋ ገብቶ ሙዚየሞች ሲከፈቱ አምስተርዳም ዳም አደባባይ ወዳለው፣ የአሸናፊዎቹ ፎቶዎች ወደሚታዩበት ኒዌ ኬርክ ወደተባለ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ፎቶውን በትልቁ ታትሞ አየሁት። አፈሩ አየር ላይ ቆሟል። ፎቶ ቤት ሳለሁ የደንበኛን ጠባሳ ማጥፋትና ከጀርባው ፏፏቴ መለጠፍ የዕለት ሥራዬ ነበር፤ በዚህ ውድድር ግን በፎቶው ላይ አንዳች ነገር መጨመርም ሆነ መቀነስ ያሰርዛል፣ እስከ መጨረሻው ዙር የደረሱትም ከካሜራው የወጣውን ያልተነካ ፋይል ያቀርባሉ። ስለዚህ ከፊቷ የተበተነው እያንዳንዱ የአፈር ቅንጣት በዚያች ቅጽበት በእርግጥ እዚያው የነበረ ነው። ሌላ ሰው ካሜራውን አውርዶ በሚያለቅስበት ሰዓት እጁን አጽንቶ ይህን ማንሣት ምን ያህል እንደሚከብድ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል።

እናቴ ያረፈችው በ2010 ዓ.ም. ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ስላልነበረኝ ለቀብሯ መድረስ አልቻልኩም። መርዶውን ሊያረዱኝ በማለዳ በሬን ያንኳኩት አራት የአገሬ ልጆች ሲሆኑ፣ አንደኛዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስለነበር አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ጩኸቴን ስለቀው ግን ያው እነርሱው፣ ግድግዳው ስስ መሆኑንና ጎረቤት ፖሊስ ሊጠራ እንደሚችል እያሰቡ፣ እያለቀሱም ቢሆን «ቀስ በል» አሉኝ። ትራስ አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። እርሜን ግን አላወጣሁም።

ፎቶው ፊት ቆሜ ሳለሁ ከጎኔ የነበሩ አንድ አዛውንት ሴትየዋ ራሷን ልትጎዳ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። በምችለው ደችኛ፣ እኛ ዘንድ ሐዘን በውስጥ እንደማይያዝ፣ ደረት እንደሚደቃና ሙሾ እንደሚወርድ፣ የምታለቅሰዋን ሴት ደግሞ ራሷን እንዳትጎዳ ደግፈው የሚይዟት እንዳሉ ነገርኳቸው። ቀጥዬም ቤተሰቡ የሚቀብረው አስከሬን እንዳላገኘ፣ በእጇ የዘገነችውም የሟቿ መቃብር አፈር እንደሆነ ስነግራቸው አዛውንቱ ዝም ብለው ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

እርሳቸው ወደ ቀጣዩ ፎቶ ሲያልፉ እኔ እዚያው ቀረሁ። ለቅሶ ቤት ገብቼ እንደቆምኩ ሁሉ እጄን አጣምሬ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አልኳት፤ ያን ጊዜ ለእናቴ በትራስ አፍኜ ያስቀረሁት ለቅሶ መጣ። አዳራሹ ሰፊ ነበር፣ የሚቆጣኝም አልነበረም።