አሲናራ የገባሁት በሁለተኛው ጉዞዬ ነው

አሲናራ የምትባለውን የጣሊያን ደሴት ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከአያቴ ነው። ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስቶች መኳንንቱን ከነቤተሰባቸው ካጋዙባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። ልዕልት ሮማንወርቅ ኃይለ ሥላሴም ባላቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከተገደሉ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር እዚያ ታስረዋል። በ1940 በጣሊያኗ ከተማ ቱሪን ውስጥ አረፉ፤ አገራቸውን ዳግም ሳያዩ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሲናራ ሳርዲኒያ የምትባለው ትልቅ የጣሊያን ደሴት ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ ናት። ከጄኖቫ ሌሊቱን በመርከብ ተጉዤ ፖርቶ ቶሬስ ወረድኩ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ አሲናራ ጀልባ የሚነሳባት ስቲንቲኖ። የጀልባ ቦታ አልያዝኩም ነበር። ማኤስትራሌ የሚሉት ነፋስ ደግሞ ተነሳ። ሁለት ቀን ሙሉ ጀልባ የለም!

በጣም ተናድጄ ነበር። ግን ብዙውን ያወቅኩት በነዚያ ሁለት ቀናት ነው። ወደቡ ላይ መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና ስለኛ እስረኞች ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ወደ ደሴቷ ዘርግተው «የአያቶቼ ቤት እዚያ ነበር» አሉኝ። ለካ በ1885 መንግሥት አሲናራን ለወህኒና ለበሽተኞች ለይቶ ማቆያ ሲፈልጋት ዓሣ አጥማጆቹንና እረኞቹን አስነስቷል። ስቲንቲኖን የቆረቆሩት እነሱ ናቸው። እኔ የመጣሁት የራሴን ሐዘን ብቻ ይዤ ነበር። ከኛ በፊት በዚያች መሬት የተነቀለ ሰው መኖሩ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ሳርዲኒያ ከ1948 ጀምሮ ልዩ የራስ አስተዳደር አላት። ሆኖም የጣሊያን ጦር ከሚለማመድበት መሬት ትልቁ ድርሻ ዛሬም እዚያው ነው። ሰዎቹ ስለ ሮም ሲያወሩ ለምን ድምፃቸው እንደሚከር የገባኝ ከሽማግሌው በኋላ ነው።

በዓመቱ ተመለስኩ። አሁን ጀልባውን ቀድሜ ያዝኩ፣ ውሃና ምግብም ቋጠርኩ፤ ደሴቷ ላይ እንደልብ አይገኝም። የግል መኪናም አይገባም። ካላ ሬያሌ በሚባለው ቦታ ለይቶ ማቆያው አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኦስትሮ ሃንጋሪ ምርኮኞች እዚህ ደሴት ላይ በኮሌራ በሺዎች አልቀዋል። ፎርኔሊ በሚባለው ቦታ ደግሞ የወህኒው ሕንጻ እንደቆመ ነው፤ አሁን ሁሉም ብሔራዊ ፓርክ ነው። ነጫጭ አህዮች ይግጣሉ። ቁጭ ብዬ ብዙ አለቀስኩ።

ማታ ሽማግሌውን ፈልጌ አገኘኋቸው። ስለ ልዕልቲቱ ነገርኳቸው፤ ሰምተው አያውቁም። ስሟን ጻፍልኝ አሉ። በላቲን ፊደል ጻፍኩላቸው፤ ከሥሩም በአማርኛ።