«ቁሚ!» ብሎ ዝም ማለት

ቡና ስሟ ነው። መልኳም እንደዚያው፣ ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ቡና ነው። እንግዳ ባለበት «ቡና፣ ነይ!» ስል ሲኒውን በዓይኑ የሚፈልግ አይጠፋም። ዘሯ ጀርመን ሾርትሄርድ ፖይንተር ነው። የወፍ ሽታ ሲመታት እንደ እንጨት ቀጥ ብላ የምትቆም፣ አንድ እግሯን ሰብስባ ወፉ ያለበትን በአፍንጫዋ የምትጠቁም የአደን ውሻ።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። እዚያ ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ቤት አይገባም። ቆቅን የማውቃትም በወንጭፍ ስስታት ነው። «ምዝግዝግ ወዲህ፣ ቆቅ ወዲያ» የሚለው ተረት ስለ እኔ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ኑሮ አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ክፍለ ግዛት፣ ሱ ፎልስ ከተማ አመጣኝ። እዚህ አበሻው ብዙ ነው። ብዙዎቻችንን የሳበን የስጋ ፋብሪካው ሥራ ነው። ኦክቶበር በመጣ ቁጥር የሥራ ጓደኞቼ ብርቱካናማ ኮፍያ አድርገው ይጠፋሉ። ምን ተገኘ ብዬ ስጠይቅ ፌዛንት አሉኝ።

ፌዛንት የቆቅ ዘመድ ነው፣ ግን ሙሽራ የሆነ ቆቅ። ወንዱ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት አለው፣ ጅራቱ ረጅም፣ ላባው ነሐስ የሚመስል። ሴቷ ደረቅ ሣር ትመስላለች። የመጣው ከእስያ ነው። እዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ አደኑ የተፈቀደው በፈረንጆቹ 1919 ሲሆን ያውም ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። ዛሬ የክፍለ ግዛቱ መለያ ወፍ እሱ ነው። ከውጭ የመጣ ሁሉ ተስፋ ይኑረው።

ሕጉ ቀላል ነው። ወቅቱ በኦክቶበር ሦስተኛ ቅዳሜ ይከፈትና ጃንዋሪ 31 ያበቃል። መተኮስ የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። በቀን ለአንድ ሰው ሦስት ወንድ ወፍ። ሴቷን መንካት ክልክል ነው።

ቡናን ያመጣኋት በ2021 ጸደይ ነው። የመክፈቻው ቅዳሜ ሲደርስ ሰባት ወር ሞላት። እኔም ቸኮልኩ። ስምንት ሰው ሆነን የበቆሎ ማሳ ዳር ተሰለፍን። ወፎቹ ተነሱ፣ ስምንት ጠመንጃ ባንዴ ጮኸ። ዞር ስል ቡና የለችም። ፒክአፑ ሥር ገብታ ስትንቀጠቀጥ አገኘኋት። ያን ቀን ሁለት ወፍ ይዤ ገባሁ፣ ግን ምሽቱን ሙሉ አንዴም ዓይኔን አላየችኝም። ማይክሮዌቭ ሲዘጋ እንኳ ትደነግጥ ነበር።

ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤት አሉኝ፣ ዕድሜያቸውን ከአደን ውሻ ጋር የኖሩ። ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ጠመንጃውን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈው። እስከ ሌላው ዓመት አትንካው» አሉኝ። ወቅቱ ገና ሦስት ወር ይቀረው ነበር፣ አመመኝ። ግን ቆለፍኩት።

ያዳናት እርግብ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ሜዳ ላይ እርግብ እንለቅላታለን፣ እሷ እንደ እብድ ታባርራለች። ልክ ሩጫው ሲሞቅላት ሽማግሌው መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ርቀው የሩጫ ማስጀመሪያ ሽጉጥ ያጮሃሉ። ጆሮዋን ካላዞረች በሌላው ሳምንት ትንሽ ይቀርባሉ። ካዞረች ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰን እንደ አዲስ። በሜይ ጀምረን ኦገስት ላይ ጠመንጃው አጠገቧ ሲጮህ «ወፉስ የታለ?» ብላ ሰማይ ታይ ነበር። መጀመሪያ እንደዚያ ብጀምር ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ተኩስ ከወፍ ጋር ካልተያያዘ ለቡችላ ነጎድጓድ ነው።

በዚያው በጋ «ቁሚ»ን አስተማርኳት። አንድ ሰፊ ሳንቃ ላይ ትወጣለች፣ አንዴ «ቁሚ» እላለሁ፣ በቃ። ከተንቀሳቀሰች ሳልናገር ተሸክሜ እዚያው ነጥብ ላይ እመልሳታለሁ። ይቀላል አይደል? ለእሷ ቀላል ነበር። ችግሩ እኔ ነኝ። «ቁሚ! ቁሚ እንጂ! ቁሚ አልኩሽ እኮ!» ሽማግሌው አማርኛ አይችሉም፣ ግን አንድ ቀን «ይሄ ቃል ሦስቴ ሲባል ነው የሚቆመው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አፈርኩ።

የ2022ን ወቅት የበላው ምላሴ ነው ብል አላጋነንኩም። ፌዛንት መብረር አይወድም፣ መሮጥ ነው የሚወደው። ዲሴምበር ላይ የተረፈው ወንድ ደግሞ የመኪና በር ሲዘጋ ሰምቶ በማሳው ማዶ የሚወጣ ብልጥ ነው። እኔ ግን ሜዳ ለሜዳ እየጮህኩ እጠራታለሁ። አንዴ ባዶ ሣር ላይ ቆመች። ሄጄ በእግሬ ረገጥኩት፣ ምንም የለም። «ውሸታም!» አልኳት። እሷ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ቀስ እያለች ሃያ ሜትር ያህል ተከተለችው። እንደገና ቆመች። ወፉ ከዚያ ፈንድቶ ወጣ። እኔ ከመደንገጤ የተነሳ ሳልተኩስ ቀረሁ። ሸሽቶ የሄደውን ሽታ ነበር የነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ በእጅ ምልክትና በፉጨት ብቻ ነው የምንሠራው፣ ነፋሱንም ሁልጊዜ ፊት ለፊት አድርገን።

በ2023 ዲሴምበር የሆነውን ግን አልረሳውም። ረግረጉ በረዶ ይዞ ነበር፣ ፊላው ከእኔ ይረዝማል። ቡና ቆመች፣ ወንዱ እየጮኸ ተነሳ፣ ተኮስኩ፣ ወደቀ። የወደቀበትን በዓይኔ አይቻለሁ። ሮጥኩ። እሷ በተቃራኒው ሄደች። «ነይ! እዚህ ነው!» አልሰማችም። ተናደድኩ። ፊላውን እየገለጥኩ አሥር ደቂቃ ያህል ፈለግኩ፣ ሁለት ላባ ብቻ። ኋላ ላይ ፊላው ተንኮሻኮሸ። ቡና በሕይወት ያለ ወፍ በአፏ ይዛ መጣች። ክንፉ ብቻ ነበር የተመታው፣ በእግሩ አምልጧል። እኔ የወደቀበትን አየሁ፣ እሷ የሄደበትን አሸተተች። ዛሬ ወፍ ከወደቀ እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ።

ጥቃቅን ነገር ልጨምር። ኦክቶበር ይሞቃል፣ ለውሻው ከራሳችሁ በላይ ውሃ ያዙ። ማታ ጆሮዋን፣ አፍንጫዋንና የጣቶቿን መሐል ፈትሹ፣ የሣር እሾህ ይገባል። ዝቅ ብሎ በሚበር ወፍ ላይ አትተኩሱ። ከወፉ ሥር ሰማይ ካልታያችሁ ይለፍ፣ ውሻችሁ ከኋላው ናት።

የአደኑ ምርጥ ጊዜ ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው የሚውለው። ስለዚህ ወፉ ሁሉ ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል። ሽንኩርቱን እንደ ዶሮ ወጥ አቁላልቼ እግሩን ቀድሜ እጨምራለሁ፤ ጅማታም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ደረቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ አለዚያ ይደርቃል። ተባርኮ ስላልታረደ የማይበሉ አሉ፣ ለእነሱ ለብቻ ዶሮ አሰናዳለሁ።

ባለፈው ገና አንድ ትልቅ ሰው ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው ሲበሉ ጥርሳቸው «ቀጭ» አለ። ሁላችንም ዝም። ከአፋቸው ትንሽ የጥይት ፍሬ አውጥተው መሶቡ ዳር አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ! ጥርስዎ ደህና ነው?»

«ጥርሴስ ደህና ነው» አሉ፣ በር ላይ የተኛችውን ቡናን እያዩ። «ከእናንተ ከሁለታችሁ ማን ነው ያልፈተሸው?»