ቡሎኑን አታጥብቁት፦ ለሞተር ሳይክሌ የንፋስ መከላከያ የሠራሁበት መንገድ

ለሞተር ሳይክል የእጅና የእግር የንፋስ መከላከያ በቤት ውስጥ መሥራት እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። መቁረጡም ማጠፉም በአንድ ቅዳሜ ያልቃል፤ ሥራው የሚበላሸው ቡሎን በሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ ላይ ነው። ይህንን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይልቁንም መናገር የሚገባው ሰው ተቃራኒውን አዘዘኝና፣ በዚያ ትእዛዝ የተነሳ የደረሰብኝን ሳስበው ዛሬም እበሽቃለሁ።

የምሠራው በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ በማዳቀል ነው። ማታ የድራት (ኮርማ የመፈለግ) ምልክት ያሳየች ላም በማግሥቱ ጠዋት መዳቀል ስላለባት፣ በእኛ ሥራ ፀሐይ እስክትሞቅ መጠበቅ አይቻልም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሜዳው በብዙ ማለዳ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይነጋል። የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን እንኳ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በተጋለጠ ቆዳው ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ነው። በዚህ ሁኔታ ደርሼ ከፈሳሽ ናይትሮጅን ያወጣኋትን ቀጭን የዘር ቀሰም በሞቀ ውኃ ላሟሟ ስል ጣቶቼ አይታዘዙልኝም ነበር።

ብዙ ባልደረቦቼ የሚጠቀሙት ከሸራ ወይም ከቆዳ የተሰፋ የእጅ ሽፋን ነው። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ለማንም ግን አልመክረውም። ሽፋኑ ለስላሳ ስለሆነ ፍጥነት ሲጨምር ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋውና በፍሬን መያዣው ላይ ይተኛል። ምልክቱ የኋላ የፍሬን መብራት ሳይጠፋ መቅረቱ ነው፤ ከኋላ የሚመጣ ሹፌር መቼ ፍሬን እንደምትይዙ ማወቅ አይችልም፣ የፍሬኑ ሸራም በከንቱ ያልቃል። ስለዚህ መከላከያው ከፍሬንና ከፍሪሲዮን መያዣዎቹ ፊት ለፊት፣ ቢያንስ አራት ጣት ርቆ የሚቆም ጠንካራ ነገር መሆን አለበት።

የእግሩን በአጭሩ ልጨርሰው፤ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቄ በሞተሩ የጎን መከላከያ ብረት ላይ በፋሼታ አሰርኩት። መልኩ አያምርም፣ ነገር ግን አይሰበርም፣ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። ከማርሚታው አርቁት፤ የሞተሩን ክንፎችም አትሸፍኑባቸው፤ የእነዚህ ሞተሮች ማቀዝቀዣ ያው ንፋስ ነውና።

ለእጅ ግን መንገዱን አሳልፎ የሚያሳይ ነገር ስለፈለግሁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ ገዛሁ። ሻጩ ‹‹ፖሊካርቦኔት ነው፣ በመዶሻ ብትመታው አይሰበርም›› አለኝ። አልነበረም፤ ተራ ፕሌክሲግላስ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ የሻጭ ቃል አያስፈልግም። የጣት ስፋት ያለው ስባሪ ወስዳችሁ በእጃችሁ እጠፉት፤ ፖሊካርቦኔት ይታጠፋል፣ ፕሌክሲግላስ ‹‹ቀጭ›› ብሎ ይሰበራል። በክብሪት ብትለኩሱት ደግሞ ፕሌክሲግላስ ጣፋጭ የፍራፍሬ ሽታ እየሰጠ መንደዱን ይቀጥላል፤ ፖሊካርቦኔት ግን ጥቁር ጥላሸት እያወጣ እሳቱ ሲነሳለት ይጠፋል። ሻጮች ስባሪ ለመስጠት ካንገራገሩ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ቅርጹን በካርቶን ለክቼ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር አድርጌ በሴጌቶ ቆረጥኩት፤ ጠርዙን በሊማና በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ጨርቅ አንጥፌ አሙቄ በጠርሙስ ላይ አጎበጥኩት። (ምጣዱ የእናቴ ነው፤ ጨርቁን ያነጠፍኩትም ለፕሌክሲግላሱ ብዬ ሳይሆን ለእርሷ ብዬ ነው።) መያዣውን ከጠፍጣፋ ብረት ሠርቼ የስፖኪዮው እግር በሚገባበት ቦታ ላይ አሰርኩት።

አሁን ወደ ቀዳዳዋ እንምጣ። ለብረት የተሞረደ ፑንታ ፕሌክሲግላስን ሲያገኝ እንደ መብሳት ሳይሆን እንደ መንከስ ያደርገዋል፤ በተለይ በሌላኛው በኩል ሊወጣ ሲል ይነክስና ይሰነጥቀዋል። የፑንታውን ስለት በሞረድ ጥቂት አደንዝዙት፤ ከሥር ጣውላ አድርጉ፤ ትራፓኖውን በዝግታ አዙሩ፤ በቀጭን ፑንታ ጀምራችሁ እያሰፋችሁ ሂዱ። ዋናው ነገር ስፋቱ ነው፦ ቡሎኑ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከፊትም ከኋላም ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ የጎማ ሮንዴላ ይገባል፣ በላዩ ሰፊ የብረት ሮንዴላ፣ በመጨረሻም እንዳይፈታ ውስጡ ናይለን ያለው ዳዶ። ይህ ዳዶ ተጠብቆ መቆም የለበትም፤ ሰሌዳው በጣት ሲገፋ ቅንጣት ያህል የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት። እኔም በዚሁ መልክ ሠርቼ የውርጩን ወራት ያለ አንዳች ችግር ነዳሁበት።

ከዚያ የዓመታዊ ምርመራው ጊዜ ደረሰ። መርማሪው ፍሬኑን፣ መብራቱንና ጎማውን አይቶ ሲጨርስ የግራውን መከላከያ ጠርዝ በሁለት ጣቶቹ ይዞ ነቀነቀው። ‹‹ይኼ ላልቷል›› አለኝ። ላልቶ ሳይሆን ሆን ተብሎ በጎማ ላይ እንዲንሳፈፍ እንደተደረገ፣ ፕሌክሲግላስ ከብረት ይልቅ በሙቀት የሚሰፋና በብርድ የሚኮማተር ነገር ስለሆነ ቦታ እንደሚፈልግ ላስረዳው ሞከርኩ። ‹‹ወንድሜ፣ የላላ ነገር አላሳልፍም። ወይ አጥብቀው ወይ አውልቀው›› አለና ቀጣዩን ተረኛ ጠራ። ይህ የት እንደተጻፈ ብጠይቀው ጥያቄውን እንደ ድፍረት ቆጠረብኝ። አውልቄው ብመለስ ደግሞ ስፖኪዮው ከዚያው መያዣ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ያለ ስፖኪዮ ልሆን ነው፤ ወረፋውንም እንደገና ከኋላ ልጀምር ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ቁልፍ ተውሼ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ሰሌዳው እጅ እስኪያቃጥል በሞቀበት ሰዓት ዳዶዎቹን አጠበቅሁ። ጎማው ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ሲሳሳ አየሁት። መርማሪው እንደገና ነቀነቀ፤ አልተንቀሳቀሰም፤ ቦሎው ተሰጠኝ።

የሆነውን በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ ሜትር ፕሌክሲግላስ በእያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል ወይም ይኮማተራል፤ ብረት ግን 0.012 ብቻ ነው። በሁለቱ ቀዳዳዎቼ መካከል ያለው ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከቀትር እስከ ብርዳማ ማለዳ የ30 ዲግሪ ልዩነት ካለ ፕሌክሲግላሱ ከብረቱ በ0.35 ሚሊ ሜትር ይበልጥ ሊኮማተር ይፈልጋል። ቡሎኑ ይዞታል፤ መኮማተር አይችልም፤ ስለዚህ ከቀዳዳው ዙሪያ ይሰነጠቃል።

በአይኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ከጥቂት ማለዳዎች በኋላ በታችኛው ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ወደ ብርሃን ሲዞሩ የሚያብረቀርቁ ነጫጭ መስመሮች ወጡ። ለመፍታት ቁልፍ አልያዝኩም ነበር፣ ሥራም ወደ ደብረ ሲና በኩል ጠራኝ። የጣርማበርን ዋሻ ጨርሶ የወጣ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከቆላው ገደሉን ይዞ ሽቅብ የሚመጣው ንፋስ ዋሻው አፍ ላይ ነው የሚቀበላችሁ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የእኔን የሚያህል ሰሌዳ የሚገፋው ኃይል አንድ ኪሎ ተኩል ባይሞላም፣ ግፊቱ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ በ40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የፊት ንፋስ ሲጨመርበት ወደ 3 ኪሎ ይደርሳል። የግራው ሰሌዳ ከታችኛው ቀዳዳ ተነስቶ እስከ ጠርዙ ተሰነጠቀ፤ ግማሹ በትከሻዬ ላይ አልፎ ወደ ኋላ በረረ። ከኋላዬ የጭነት አይሱዙ ነበር። ስባሪው የመኪናውን መስታወት ስቶ ወደ ገደሉ መግባቱ የመርማሪው ጥበብ አይደለም።

ተመልሼ ሄጄ ስባሪውን አሳየሁት። ‹‹መጀመሪያም በቤት የተሠራ ነገር መግጠም አልነበረብህም›› አለኝ። ያጠበቅሁት በእርሱ ትእዛዝ መሆኑን ላስታውሰው ብል ‹‹እኔ ስበረው አላልኩም›› የሚል መልስ አገኘሁ። ከዚህ በኋላ ክርክሩን ተውኩት፣ ንዴቱን ግን አልተውኩትም።

ሁለተኛውን ጥንድ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ባመጣሁት ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ እውነተኛ ፖሊካርቦኔት ሠራሁት። ይህኛው ሳይሞቅ በእጅ ይጎብጣል፤ ቢመታም እንደ መስታወት አይረግፍም። ድክመቱ ቤንዚን አለመውደዱ ነው፤ በቤንዚን ወይም በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) የተወለወለ እንደሆነ ውስጥ ውስጡን ይሰነጣጠቃል፤ በሳሙናና በውኃ ብቻ እጠቡት። ፖሊካርቦኔትም በሙቀት መለጠጡ ስለማይቀር የ8 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳና የጎማው ሮንዴላ እንዳሉ ናቸው። መጠኑን ግን ወደ 16 በ24 ዝቅ አደረግሁት፤ ከመሪ ጋር የሚዞር ሰፊ ሰሌዳ በጎን ንፋስ መሪውን ይጎትታልና፣ ‹‹ሰፊ ከሆነ ይሻላል›› የሚሏችሁን አትስሙ። ገጥማችሁ ስትጨርሱ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙሩ፤ ሰሌዳው የነዳጅ መስጫውን ወይም የፍሪሲዮኑን ገመድ ከነካ መያዣውን አስተካክሉ።

ስፖኪዮውንም ከመከላከያው መያዣ ለይቼ ለብቻው አሰርኩት። ለዓመታዊ ምርመራ በምሄድበት ቀን አራቱን ዳዶዎች ፈትቼ ሰሌዳዎቹን ቤት ትቼ እሄዳለሁ፤ ቦሎዬን ይዤ ስመለስ፣ በጣት ሲገፉ እንዲንቀሳቀሱ አድርጌ መልሼ እገጥማቸዋለሁ።