ከ2 ዋት ጋር የተደረገ ትግል

የማስተርስ ጥናቴ ከባሕር ሞገድ ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ተንሳፋፊ ላይ ነበር። ሞገዱ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ጄኔሬተር የሚያንቀሳቅስ ክብ አካል ማለት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲው ስቴፈን ሳልተር «ዳክዬ» የተባለውን መሣሪያውን ካስተዋወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ጽሑፉ የወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። የነፋስ ተርባይን ባለ ሦስት ክንፍ ሆኖ ረግቷል። የሞገድ መሣሪያ ግን እስካሁን አንድ አሸናፊ ቅርጽ የለውም። ለዚህም ነው ዘርፉ የሳበኝ።

«የተሻለ መሣሪያ እሠራለሁ» ብለው የሚነሱ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። አማካሪዬ ይህን ገና ከጅምሩ ቆረጡት። «አንድ ነገር ለክተሽ ነይ፤ ግን ማንም ሊጥለው የማይችል ይሁን» አሉኝ። ስለዚህ ጥያቄዬ ጠበበ። ጄኔሬተሩ ተንሳፋፊውን በምን ያህል ጉልበት ቢይዘው ነው ብዙ ኃይል የሚገኘው? አጥብቆ ከያዘው አይነቃነቅም። ከለቀቀው ደግሞ ዝም ብሎ ይጨፍራል እንጂ የሚያመነጨው የለም። መካከሉን መፈለግ ነበር ሥራዬ።

የኮምፒውተሩን ክፍል ባጭሩ ልለፈው። የፈረንሳዩ ኤኮል ሳንትራል ደ ናንት በነጻ ያወጣውን ኔሞህ የተባለ የሞገድ ማስሊያ ሶፍትዌር ተጠቀምኩ። ጥሩ ነው። ግን ውሃው ጠርዝ ላይ ሲሽከረከር የሚባክነውን ጉልበት አይቆጥርም። የሞገዱ ምት ከተንሳፋፊው የራሱ ምት ጋር ሲገጥም የሚሰጠው ቁጥር ያስጎመጃል። ቁጥሩን ይዞ ለጓደኛ ከማውራት በፊት ሰው ሠራሽ ሞገድ የሚነሳበት የላብራቶሪ ገንዳ ጋ መሄድ ይሻላል።

ጨዋታው ያለው ገንዳው ላይ ነው። ሞዴሌ ከእውነተኛው 20 ጊዜ ያነሰ ነበር። የ5 ሜትሩ ተንሳፋፊ 25 ሴንቲሜትር ሆነ። የ2 ሜትሩ ሞገድ 10 ሴንቲሜትር ሆነ። በ8 ሴኮንድ ይመላለስ የነበረው በ1.8 ሴኮንድ መመላለስ ጀመረ። እስከዚህ ሰላም ነው። ኃይል ግን 20 ጊዜ ብቻ አይደለም የሚያንሰው። ከ35,000 ጊዜ በላይ ያንሳል!

እስቲ እናስላው። እንዲህ ያለው ባሕር በእያንዳንዱ ሜትር ስፋት 16 ኪሎዋት ገደማ ይዞ ይመጣል። ገንዳው ውስጥ ይህ ወደ 9 ዋት ይወርዳል። የሞዴሌ ስፋት ደግሞ ሩብ ሜትር ነው። ፊቱ የሚደርሰው እንግዲህ ከ2 ዋት ብዙም አይዘልም። ከዚያ ላይ ሩቡን ብይዝ እሰየው። ግማሽ ዋት መሆኑ ነው። ለዚህች ግማሽ ዋት ነው ያ ሁሉ ብረት፣ ኬብልና ሴንሰር የተሰለፈው።

ታዲያ ተንሳፋፊው የሚንሸራተትበት ዘንግ ላይ ያለው ኩሽኔታ 0.2 ዋት ቢበላስ? ወደ ሙሉ መጠን ሲመነዘር 7 ኪሎዋት ነው። ችግሩ የእውነተኛው መሣሪያ ሰበቃ በዚህ ስሌት አያድግም። ሰበቃውን ለብቻው ያልለካ ሰው የኩሽኔታውን ጠባይ ባሕር ላይ ለጥፎ ያወራል ማለት ነው።

የለካሁት እንዲህ ነው። ሞዴሉን ከውሃ ውጭ በስፕሪንግ ሰቀልኩት። ወደ ታች ስቤ ለቀቅኩት። ሲወዛወዝ የእያንዳንዱን ጫፍ ከፍታ መዘገብኩ። ጫፎቹ በየዙሩ በእኩል መጠን ዝቅ ካሉና ቀጥ ያለ መስመር ከሠሩ፣ የሚይዘው ደረቅ ሰበቃ ነው። እንደ ውሃ ያለ ነገር የሚያረግበው ቢሆን ኖሮ በየዙሩ በተመሳሳይ መቶኛ ይቀንስና መስመሩ ይጎብጥ ነበር። የእኔ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። የላብራቶሪው ቴክኒሻን ግራፉን እንኳ አላዩም። ዘንጉን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው አንሸራተቱት። «እዚህ ጋ ይነክሳል» አሉ። የላይኛውን ብሎን ግማሽ ዙር አላሉት። ዘንጉ ተቃንቶ ነጻ ወጣ። መስመሩም ወዲያው ለዘብ አለ። እንዲህ ያለ እጅ በየትኛው ኮርስ እንደሚሰጥ አላውቅም።

ግን በዚህ አያበቃም። ሞገድ ወደ ላይ ብቻ አይገፋም፤ ወደ ጎንም ይገፋል። ወደ ጎን ሲገፋ ዘንጉ ኩሽኔታው ላይ ይጫናል፣ ሰበቃውም ይጨምራል። ስለዚህ በክርና በፑሊ ክብደት አንጠልጥዬ ዘንጉን ወደ ጎን እየሳብኩ ሙከራውን ደገምኩት። አሰልቺ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ከጥናቴ ሁሉ የምኮራበት ሠንጠረዥ ከዚያ የወጣው ነው።

ሌላው የገንዳ ሥራ ትዕግሥት ነው። የሞገድ መለኪያዎቹ ኤሌክትሪክ በውሃው ውስጥ በሚያልፍበት መጠን ስለሚሠሩ የውሃው ሙቀት ሲለወጥ ንባባቸውም ይለወጣል። በየጠዋቱ ማስተካከል ግድ ነው። በሁለት ሙከራዎች መካከልም ውሃው እስኪረጋ መጠበቅ አለ። ለዓይን የረጋ ይመስላል። መለኪያው ግን ከገንዳው ጫፍ ተመልሶ የሚመጣውን ትንሽ ሞገድ ያያል። የቸኮለ ሰው ያለፈውን ሙከራ ከአዲሱ ጋር ቀላቅሎ ይለካል።

ከተመደበልኝ የገንዳ ጊዜ ላይ ቀንሼ ለማዕበል ቀን ሞገዶች ሰጠሁ። ጥያቄዬ ስለ ኃይል ስለነበር አንዳንዶች ገረማቸው። ነገር ግን በ1995 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ ኦስፕሬይ የተባለው መሣሪያ ገና ሲተከል ነበር ሞገድ የሰባበረው። ባሕር ላይ አንድ ቀን እንኳ የማይጸና መሣሪያ አማካይ ምርቱ ቢሰላ ምን ይረባል?

መልሴ በመጨረሻ አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል ሆነ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ «ታዲያ ስንት ኪሎዋት ይሰጣል?» ብለው ያዙኝ። ክልሉን ደግሜ ነገርኳቸው። ብዙም አልጣማቸውም። ሆኖም የሰበቃውን ሠንጠረዥ ሲያዩ ሌላ ጥያቄ አላነሱም። ከእኔ በኋላ የመጣው ተማሪ ዘንጉን የሚገፋውን ጉልበት የሚለካ ሴንሰር ከኩሽኔታው በላይም በታችም ገጥሟል። ሰበቃውን ሙከራው እየተካሄደ እዚያው ይለካል፤ ክርና ፑሊ አያስፈልገውም።