ቤታችንን እየነዳን ሥራ የሄድንበት ወቅት

ሰሜን ኔቫዳ ውስጥ መጋዘን (ዌርሀውስ) የወቅት ሥራ ሠርተን ከተመለስን ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው። «ስንት ይዛችሁ ተመለሳችሁ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ከመሄዴ በፊት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ዌርሀውሱ የሚከፍለው የታወቀ ነው። ስንት እንደሚተርፍ የምትወስነው ግን ማታ የምንተኛባት አርቪ (ቤትም መኪናም የሆነች) ናት። ይህን ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ እሷ ነው።

የምንኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። ልጆቹ ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል። የኪራይ ውላችን ሲያልቅ የመጣው ጭማሪ ከአቅማችን በላይ ሆነ። ያኔ ነው ባለቤቴ አንድ ወሬ ይዞ የገባው። በሰሜን ኔቫዳ፣ ሬኖ አካባቢ ያሉ መጋዘኖች ከኦክቶበር እስከ ፈረንጅ ገና ሠራተኛ አይበቃቸውም አለ። አርቪ ያለው ሰው ደግሞ ቤት ፍለጋ አይንከራተትም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ካምፐርፎርስ የሚባል ፕሮግራም ነበረው። የተጀመረው ካንሳስ ውስጥ ኮፊቪል በምትባል ከተማ ነው። በአርቪ የሚኖሩ ሰዎችን፣ ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው፣ ለወቅቱ ይቀጥርና የማቆሚያ ቦታቸውን ይከፍልላቸው ነበር። ፈርንሊ፣ ኔቫዳም ከቦታዎቹ አንዷ ነበረች። ያ ፕሮግራም አሁን ተቋርጧል። እኛ የገባነው በኤጀንሲ ነው፣ መጋዘኑም ሌላ ነው። የቦታ ኪራዩንም ከኪሳችን ነው የከፈልነው።

አርቪዋን በ11,500 ዶላር ከግለሰብ ገዛን። የ1999 ፎርድ ናት፣ 26 ጫማ ርዝመት አላት። ጎማዎቹ አዲስ ይመስላሉ። ለጉዞ ስንዘጋጅ አንድ የሀገራችን ልጅ፣ መካኒክ ነው፣ እንዲያያት ጠራነው። በርከክ ብሎ የጎማውን ጎን በእጁ ጠረገና አራት ቁጥር አሳየኝ፤ 3211። «የ2011 ዓመት፣ 32ኛው ሳምንት ማለት ነው። እትዬ፣ ይሄ ጎማ ጥርስ አለው እንጂ ዕድሜ የለውም» አለኝ። አርቪ አብዛኛውን ጊዜ ቆማ ስለምትውል ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ከዚያ በረሃ መሀል ይፈነዳል። ስድስቱንም ቀየርን፣ 1,150 ዶላር። እንባዬ መጣ። ግን ያገለገለ አርቪ የሚገዛ ሰው ሁሉ ከሞተሩ በፊት እነዚያን አራት ቁጥሮች እንዲያነብ እለምናለሁ።

ከላስ ቬጋስ እኛ የምንሠራባት ፈርንሊ ድረስ 400 ማይል ገደማ ነው። መንገዱ ዩኤስ 95 ነው፤ ቢቲ፣ ቶኖፓ፣ ሆቶርን፣ ፋለን እያለ ይሄዳል። አርቪዋ በአንድ ጋሎን 8 ማይል ነው የምትሄደው፤ ሃምሳ ጋሎን በላች። ነዳጅ ማደያዎቹ ይራራቃሉ፣ ግማሽ ታንከር ላይ ስትደርስ መሙላት ነው። ቶኖፓ አደርን። ከፍታው 6,000 ጫማ ገደማ ነው። ብርዱን እዚያ ቀመስነው።

ፈርንሊ በረሃ ናት፣ ግን የላስ ቬጋስ ዓይነት በረሃ አይደለችም። ቀን ፀሐይ አለ፣ ማታ አጥንት ድረስ ይገባል። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ቧንቧ ስከፍት ጠብ የሚል ነገር የለም። ወጥቼ የውሃ ጎማውን ሳነሳው እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ተነሳ። ሌሊቱን ብርዱ 18 ፋራናይት ደርሶ ነበር፣ ከዜሮ በታች 8 ሴልሺየስ ገደማ ማለት ነው። ጎረቤታችን አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ነበሩ፤ እኛ በመካከላችን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሳልጠራቸው መጡ። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የውሃ ጎማ እንዳለ፣ እሱ እስኪገዛ ደግሞ ቀን ቀን የውስጡን ታንከር ሞልተን ማታ ጎማውን ነቅለን፣ ውሃውን አንጠፍጥፈን እንድናስገባ አስተማሩን። የእጣቢውንና የሽንት ቤቱን ታንከርም ነገሩን። የሽንት ቤቱ ታንከር ቫልቭ ክፍት አይተውም፤ ፈሳሹ ቀድሞ ይሄድና ደረቁ ታች ተቆልሎ ይቀራል። ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ብቻ ይከፈታል፣ ከዚያ የእጣቢው ታንከር ይለቀቅና ቱቦውን ያጥበዋል።

ትልቁ ወጪያችን ሙቀት ሆነ። የእኛ ዓይነቷ አርቪ የጋዝ ታንከሯ ከሥሯ የተበየደ ነው፣ አይነቀልም። ሲያልቅ ቤቱን ሁሉ ሰብስበህ፣ ውሃና መብራት ነቅለህ፣ ነድተህ ሄደህ ነው የምታስሞላው። ይህን አሥር ሰዓት ቆመህ ከሠራህ በኋላ አስበው። አንድ ጊዜ አደረግነው፣ ከዚያ በቃን። ከውጭ ሲሊንደር ጋር የሚያገናኝ መስመርና ሁለት ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደሮች ገዛን። ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንዱ ሲሊንደር 4.7 ጋሎን ፕሮፔን ይይዛል። አንድ ጋሎን 91,500 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ማሞቂያችን በሰዓት 30,000 ይበላል። ሳያቋርጥ ቢነድ 14 ሰዓት ነው ማለት ነው። እየበራ እየጠፋ ሲሠራ ሁለት ሌሊት ያደርሰን ነበር። ሂሳቡን ስናውቅ ነው መስኮቶቹን በሙቀት መከላከያ መሸፈን የጀመርነው። ከዚያ ሦስት ሌሊት ሆነ።

መብራቱም ገደብ አለው። 30 አምፒር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 1,500 ዋት ይወስዳል። ምጣዴም 1,500 ነው። በዚያ ላይ ማይክሮዌቭ ከተከፈተ ብሬከሩ ይወድቃል። እንጀራ ስጋግር ማሞቂያ ይጠፋል፣ ምጣዱ ራሱ ቤቱን ያሞቀዋል። ችግሩ ሊጡ ነበር። በብርዱ አልቦካ አለኝ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ የማሞቂያው አየር መውጫ አጠገብ ባስቀምጠውም አራት ቀን ወሰደ። እንፋሎቱም ሌላ ጣጣ አመጣ። ጠዋት ፍራሹን ሳነሳ ሥሩ እርጥብ ነበር። ከዚያ ወዲህ አርቪ ውስጥ ጋግሬ አላውቅም፤ በምን እንደተካሁት እመጣበታለሁ።

አንድ ነገር ግን በደንብ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። በመጀመሪያው የእረፍት ቀናችን ቡና ላፈላ ተነሳሁ። ከሰሉን ውጭ አያያዝኩት። ንፋሱ አላስቆም ሲለኝ፣ ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ አልቋል ብዬ፣ ማንደጃውን ይዤ ገባሁ። ዕጣን ጣል አደረግሁበት። ጥቂት ደቂቃ እንኳ አልቆየም፣ ጣሪያው ላይ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ባለቤቴ ማንደጃውን በጨርቅ ይዞ ወረወረው። ሀገር ቤት ከሰል አስገብተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። የቀላ ከሰል ጭስ የለውም እንላለን። ገዳዩ ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም። አርቪ ደግሞ ከአንድ መኝታ ክፍል ብዙ አይበልጥም። ያ ማስጠንቀቂያ ባትሪው የተቀየረው ከላስ ቬጋስ በተነሳንበት ዋዜማ ነው። አሁን ቡና በኤሌክትሪክ፣ ዕጣንም በኤሌክትሪክ ነው። ከሰል አርቪ ውስጥ አይገባም። በምድጃ ጋዝ ቤት ማሞቅም እንደዚያው ነው።

ወደ ሥራው ልምጣ። ሰዓቱ 19.50 ዶላር ነበር። መጀመሪያ አምስት ሳምንት በሳምንት 40 ሰዓት፣ ከዚያ ስድስት ሳምንት በሳምንት 60። በሕጉ ከ40 ሰዓት በላይ ያለው አንድ ተኩል ነው፣ ስለዚህ የ60 ሰዓቱ ሳምንት ታክስ ሳይነሳለት 1,365 ዶላር ይመጣል።

እኔን ፒከር አደረጉኝ። ስካነሩ መደርደሪያውን ይነግርሃል፣ ትሄዳለህ፣ ዕቃውን ታነሳለህ፣ ስካን ታደርጋለህ፣ ቶት (የዕቃ መያዣ ሳጥን) ውስጥ ትጨምራለህ። ወዲያው ቀጣዩ ይመጣና ሰከንድ መቁጠር ይጀምራል። ስልኬ በቀን 11 ማይል ቆጠረ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሁለት የእግር ጥፍሬ ጠቆረ። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ናት የነገረችኝ፤ ጫማ ከልክህ ግማሽ ቁጥር ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ እግር ያብጣል። ደግሞም ሁለት ጫማ እያፈራረቁ ማድረግ ነው፣ የረገጥከው ሶል ተመልሶ የሚነሳው ሲያርፍ ነው። የሠራልኝ ይህ ነው። በአራተኛው ሳምንት ማሸጊያ ላይ ሰው ሲያንስ ራሴ ጠየቅኩ። አልጠይቅም ብል ኖሮ እስከ መጨረሻው ስራመድ ነበር። ማሸጊያ ላይ ካርቶን እጅ ያደርቃል፣ ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው ደሙ። ማታ ቫዝሊን ተቀብቼ በጥጥ ጓንት እተኛ ነበር። ቢሆንም ከእግሩ ይሻላል።

ባለቤቴ ከትሬለር ዕቃ የሚያወርዱት ጋር ነበር። ኖቬምበር ላይ አንድ ቀን ማታ ጫማውን መፍታት አቃተው። «ወገቤን ያዝ አደረገኝ፣ ያልፋል» አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዛሬም የሚቆጨኝ እሱ ነው። በኔቫዳ ሕግ ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው በ7 ቀን ውስጥ ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ሲ-1 የሚባል ፎርም አለ። እኛ አላወቅንም። በአሥረኛው ቀን ከአልጋ መነሳት ሲያቅተው ለኤጀንሲው ደወልን፣ ዘግይታችኋል ተባልን። ሦስት ቀን ያለ ክፍያ ተኛ። ለጨረሰ ሠራተኛ በሰዓት አንድ ዶላር ተብሎ የነበረው ቦነስም በዚያው ቀረበት። በስልክ ሲነግሩን «እስከ መጨረሻ ከቆያችሁ» ነበር ያሉት፤ የፈረምነው ወረቀት ላይ ግን አንድም ቀን ሳይቀር ይላል። ቦነስ ከተባላችሁ ወረቀቱን አስቀድማችሁ አስልኩና አንብቡ። የእኛ ሰው ደግሞ፣ በተለይ ወንዱ፣ ሕመምን መናገር ልመና ይመስለዋል። ልመና አይደለም። በዚያው ቀን መነገር አለበት።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ። ሥራው የሚጠናበት ጊዜና ጾሙ አንድ ላይ ነው የሚውሉት። የ60 ሰዓት ሳምንት እየሠሩ እንዴት ይጾማል ብዬ ፈርቼ ነበር። ያዳነን ድርቆሽ ነው። ላስ ቬጋስ ያለች እህቴ አንድ ካርቶን ላከችልን። አባቶቻችን ለዘመቻ ስንቅ ያደረጉት በምክንያት ነው፤ አይበላሽም፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ መብራት አይበላም። ማታ በዘይትና በበርበሬ ቁሌት አድርጌ ድርቆሽ ፍርፍር እሠራለሁ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ለብሬክ ቆሎ በኪስ፣ በሶ በጠርሙስ። የ30 ደቂቃ ብሬክ ላይ ማይክሮዌቩ ጋ ሰልፍ ስላለ፣ የማይሞቅ ምግብ የያዘ ሰው ቁጭ ብሎ እግሩን ያሳርፋል። እሑድ ሥራ ስላለ ቅዳሴ በስልክ ነበር የምንከታተለው። ያ ከበደኝ፣ አልዋሽም።

አሁን ወደ ጥያቄው። ሁለታችን በ11 ሳምንት ታክስ ሳይነሳ ከእኔ ቦነስ ጋር 23,960 ዶላር ሠራን። ኔቫዳ የስቴት የገቢ ታክስ የላትም፣ የፌዴራሉ ብቻ ተቆርጦ እጃችን የገባው 19,800 ገደማ ነው። ከዚያ ላይ የቦታ ኪራይ 1,860፣ መብራት 310፣ ጋዝ 420፣ የደርሶ መልስ ነዳጅ 430፣ ጎማ 1,150፣ የሚሞቀው የውሃ ጎማና ሌላ ሌላው 260። ምግብ፣ ስልክና ኢንሹራንስ ሲነሳ የተረፈን 13,000 ገደማ ነው። አርቪዋ 11,500 መሆኗን አትርሱ። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ የከፈለው ለእሷ ነው። ትርፉን በአንድ ወቅት አገኛለሁ ብሎ ተበድሮ የሚገዛ ሰው ይጎዳል። ጥሩ ቤት ያለው፣ ኪራዩንም የሚችል ሰው ባይሞክረው እመርጣለሁ። እንደ እኛ ኪራይ ለገፋው ባልና ሚስት ግን፣ የሚያልቅበት ቀን ስለሚታወቅ፣ ይቻላል።

ዲሴምበር 23 ተነሳን። ጋሼ ቆመው ሸኙን፤ እኔም የቀረውን ቆሎ ሰጠኋቸው፣ ወደውት ነበር። የታኅሣሥ ገብርኤልንም ገናንም ቤተ ክርስቲያናችን ደረስን።

ለዘንድሮ ቦታ የያዝነው ጁላይ ላይ ነው፣ ከመብራቱ ሳጥን አጠገብ ያለውን። ባለቤቴ ትሬለር ላይ አይመለስም፣ ዕቃ ተቀባይ ሆኖ ስካን ያደርጋል፣ ይህንንም በጽሑፍ ተቀብለናል። የሚሞቀው የውሃ ጎማ አልጋው ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ድርቆሹን በዚህ ሳምንት መዘርጋት ጀምሬያለሁ። የላስ ቬጋስ ፀሐይ በሁለት ቀን ያደርቀዋል።