የሚያዝያ 23ቱ ዘንዶ፦ ከባሕር ዳር ጊዮርጊስ እስከ ዘጌ

የጊዮርጊስ በዓል ሚያዝያ 23 ነው። የሠራተኞች ቀንም አብሮ ስለሚውል ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ያለው ደብር በሰው ይጨናነቃል። ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር በደንብ ለማየት ቅዳሴ ሳያልቅ መድረስ ነው፤ ያረፈደ ሰው ከጃንጥላዎቹ ጫፍ ሌላ አይታየውም።

ጊዮርጊስ የገደለውን ዘንዶ በሥዕል በቅርብ ለማየት ግን ጣና ዳር ወዳለው ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ጀልባ በጠዋት ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል። ከወደቡ ሽቅብ በቡናው ጫካ በእግር ነው። ጫማ አውልቃችሁ መቅደሱን ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ ታያላችሁ። በአገራችን አሣሣል ዘንዶው ሊበላት የነበረችው ብሩታዊት ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ ናት። ዓይኖችን ልብ በሉ፦ ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ።

ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ጣሪያ ሲያፈስ ማጣበቂያው ይላላና ጨርቁ ከጫፉ ይላቀቃል፤ እባካችሁ በጣት አትንኩት፣ ፍላሽም አጥፉ። ዑራ ሴቶችም ይገባሉ፤ በደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ግን አይገቡም፤ ጀልባ ስትከራዩ ይህን አስቡበት።