11ኛ ክፍል በዱቤ ደብተር

ሰላም ናችሁ? ድሬ ይሞቃል፣ ሌላ አዲስ ነገር የለም። የ2017 ትምህርት አለቀ፣ ካርድ ወሰድን። እኔም ሁለት ሳምንት ተኝቼ ስጠግብ ቃል የገባሁትን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ዓመቱን ሙሉ "እንዴት ነው የምታጠኚው?" ስትሉኝ ለነበራችሁ ልጆች ነው። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ አንደኛ አልወጣሁም። ከ14ኛ ወደ 6ኛ ነው የመጣሁት። አንደኛ የወጣችውን ከፈለጋችሁ እሷን ጠይቋት፣ አትነግራችሁም እንጂ።

ዓመቱ የጀመረው በአንድ ቁጥር ነው። ትምህርት ሊከፈት ሲል የ2016 የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጣና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 5.4 በመቶ ብቻ ነው ተባለ። ያውም ተሻሽሎ ነው፤ በ2014 3.3፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። ክፍላችን ውስጥ 58 ነን። ከኋላ ያለ አንድ ልጅ ወዲያው አሰላውና "ሦስት ሰው!" ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ፊት ወንበር ላይ ወዳሉት ሦስት ልጆች ዞርን። ከሦስቱ አንዷ አለቀሰች፣ የሚገርመው እሷ ናት ያለቀሰችው።

እኔ ደግሞ ስደነግጥ ሥራ አበዛለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ያልገባሁበት ነገር የለም። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና አነባለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ቲቶሪያል። ቅዳሜ የጥያቄና መልስ ቡድን። ማታ እማዬ ሱቅ ላይ እስከ ሦስት ሰዓት እቆማለሁ፣ በዚያ መሀል የታናሽ ወንድሜን የቤት ሥራ አሠራለሁ። መጽሐፍ ለሁላችንም ስላልደረሰ የምናነበው ከስልክ ነው፣ ስለዚህ ያገኘሁትን ፒዲኤፍ ሁሉ ከቴሌግራም አወርዳለሁ። ታኅሣሥ ላይ ስቆጥር 312 ፋይል ነበረኝ። የከፈትኩት? ሃያ ቢሞላ ነው። ከዚያ ሌሊት ተነስቼ ኖት እገለብጣለሁ፣ ርዕሱን በቀይ፣ ትርጉሙን በሰማያዊ፣ ፎርሙላውን በሮዝ ማርከር። ደብተሬን ያየ ሁሉ "አቦ አንቺማ ጎበዝ ነሽ" ይለኛል። እኔም አምኜ ነበር።

ኅዳር ላይ የፊዚክስ ሚድ መጣ።

ጥያቄው ቀላል ነው። ድንጋይ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት፣ ከመሬት 30 ዲግሪ አዘንብሎ ተወረወረ፤ ግራቪቲን 10 ውሰዱ፤ ጫፍ ለመድረስ ስንት ሴኮንድ ይፈጅበታል? ሳይን 30 ግማሽ ነው። 20 በግማሽ ሲባዛ 10፣ ለ10 ሲካፈል 1 ሴኮንድ። ያለቀለት ነገር ነው፣ ጣት ሳይቆጠር ይሠራል። እኔ ግን ካልኩሌተር አወጣሁ። ካልኩሌተሩን ያዋሰኝ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የአጎቴ ልጅ ነው፣ በዲግሪ ፈንታ በራዲያን፣ በሌላ የማዕዘን መለኪያ ማለት ነው፣ ትቶታል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ማን ያያል? ሳይን 30 ብዬ ስነካው ማይነስ 0.988 አለኝ። አባዛሁ፣ አካፈልኩ፣ ማይነስ 1.98 ሴኮንድ ወጣ። እዚህ ላይ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት። እኔ ማይነሷን በእስክሪብቶ ሰርዤ 1.98 ብዬ አሰመርኩበትና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ቲቸር ወረቀቱን ሲመልስልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ድንጋይሽ ጎበዝ ነው፣ ሳትወረውሪው ሁለት ሴኮንድ ቀድሞ ደርሷል" አለኝ። ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን አናደደኝ። ሳይን 30ን እኮ አውቀዋለሁ! በሮዝ ማርከር ጽፌዋለሁ! ደግሞ ማትሪክ ላይ ካልኩሌተር አይፈቀድም፣ ታዲያ እኔ ምን እየተለማመድኩ ነው?

የዚያን ዕለት ማታ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ የእማዬን የዱቤ ደብተር እያየሁ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። እማዬ ጥሩ ከፋይ አትጽፍም። ያልከፈለውን ብቻ ነው የምትጽፈው፤ ስም፣ ዕቃ፣ ቀን፣ ብር። ሲከፍል ትሰርዛለች። እኔ ግን የማውቀውን ነው ሳሳምር ስጽፍ የምውለው። አንድ ባዶ የዱቤ ደብተር ከመደርደሪያ አነሳሁና ድንጋዩን የመጀመሪያው ባለዕዳ አደረግኩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተሳሳትኩትን ጥያቄ እጽፋለሁ። የሰጠሁትን የተሳሳተ መልስ አጠገቡ። ከዚያ ለምን እንደሳትኩ በአንድ ቃል፣ ረጅም ሰበብ የለም። መልሱን አልጽፍም። ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ሳላይ እሠራዋለሁ፤ ከወጣልኝ ይሰረዛል፣ ካልወጣ ዕዳው ይቀጥላል። ድንጋዩ በሳምንቱ ተሰረዘ። አንድ የሒሳብ ማትሪክስ ጥያቄ ግን አራት ጊዜ መልሶ ጥሎኛል፣ እስከ መጋቢት ዕዳ ሆኖ ቆየ።

ጥር ላይ ቆጠርኩት። 47 ስህተት። ከዚህ ውስጥ 19ኙ ጥያቄውን በጥድፊያ ማንበብ ነው፣ "ያልሆነው የቱ ነው" ሲል "የሆነው" ብሎ ማንበብ፣ የዚህ ዓይነት። 13ቱ ማይነስና መለኪያ፣ ሴንቲሜትሩን ወደ ሜትር ሳልቀይር መሄድ። 6ቱ መደመርና ማባዛት፣ አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ጭራሽ ያላወቅኩት 9 ብቻ ነው። ለዘጠኝ ስል ነው ሌሊት እየተነሳሁ ኖት ስገለብጥ የከረምኩት። ማርከሮቹን ለወንድሜ ሰጠሁት፣ እሱም ግድግዳ ላይ ሣለባቸው፣ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ጥድፊያዬ ግን ቶሎ አልለቀቀኝም። ሐረር ለጥያቄና መልስ ውድድር ሄድን። የደንገጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ ሲቀየር ታውቁታላችሁ፣ ሹራብ ያልያዘ የድሬ ልጅ ወዲያው ይለያል። እኔ አልያዝኩም። መድረክ ላይ ጠያቂው "በጀጎል ግንብ ላይ ያሉት ጥንታዊ..." ሲል ደወሉን መታሁትና "ስድስት በር!" አልኩ። የሐረር ልጆች ሳቁ። ጥያቄው ጥንታዊዎቹ በሮች ስንት ናቸው ነበር፣ መልሱ አምስት። ስድስተኛው በኋላ የተከፈተው ነው። ይህን አውቄ ነው የሄድኩት፣ ከትናንት ወዲያ ነው ያነበብኩት። ብቻ "ጥንታዊ" የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ገብታ አእምሮዬ አልደረሰችም። በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። ተመላሽ መኪና ውስጥ ቡድኑ በሙሉ ዝም ብሎኝ ነበር፣ ድሬ ስንደርስ አንዱ "ስድስተኛው በር ደረሰ፣ ውረጂ" አለኝ፣ እስከ ዛሬ ስሜ እሱ ነው። ማታ ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፤ ጀጎል፣ ስድስት፣ ጥድፊያ።

ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ወር የካቲትና መጋቢት መሀል ያለው ነው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ፤ ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22። እረፍት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ የሚበላ ሰው ጠፋ። አብራኝ አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ጓደኛዬ መጋላ ነው ቤታቸው፣ ማታ ለማፍጠሪያ ትጠራኛለች። እናቷ የሁሉንም ሳምቡሳ በሥጋ ይሠሩና ለእኔ ብቻ የምስር ለይተው በትንሽ ሳህን ያስቀምጡልኛል፣ ሹርባው ሥጋ ስላለበት እሱን እያሸተትኩ ነው የማልፈው። ከበላን በኋላ ደብተር እንለዋወጣለን። እሷ የኔን ስህተት ትሠራለች፣ እኔ የእሷን። የሰው ስህተት እንዴት ግልጽ ብሎ እንደሚታይ! እሷ ፊዚክስ ላይ ማይነስ አትስትም፣ ግን እንግሊዝኛ ምንባብ ሳታነብ ነው ጥያቄውን የምትመልሰው። አምስት ጊዜ ነገርኳት፣ ስድስተኛ ላይ "አንቺ ስለ ስድስት ባታወሪ" አለችኝ።

ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ደብተሩ ያልረዳኝም አለ። ኬሚስትሪ ኢኩሊብሪየም ሲመጣ የ"አላወቅኩም" ዝርዝር አበጠ፣ ከ38 ስህተት 17ቱ። ያኔ ስህተት መመዝገብ ብቻውን ምንም አያደርግም፣ ቁጭ ብሎ መማር ነው። እኔ ኢኩሊብሪየም ሲባል ሪአክሽኑ የቆመ መስሎኝ ነበር። ለካ አልቆመም፤ ወዲያም ወዲህም በእኩል ፍጥነት እየሄደ ነው። የገባኝ ሳቢያን ባጃጅ ስጠብቅ ነው። ወደ ከዚራ የሚሄደውና ከከዚራ የሚመጣው እኩል ከሆነ እዚህ ያለው የባጃጅ ብዛት አይቀየርም፣ አንድም ባጃጅ ግን ቆሞ አላየሁም። ባዮሎጂ ላይም ደብተሩ ብዙ አልሠራልኝም፣ እዚያ ደጋግሞ ከማንበብ ሌላ መላ አላገኘሁም። ያገኘ ይንገረኝ።

ስለ ሰዓት ለጠየቃችሁኝ፦ ከሰዓት በኋላ አታጥኑ፣ ቢያንስ ድሬ ያላችሁ። ሱቁ ይዘጋል፣ ግማሹ ከተማ ይተኛል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። ሚያዝያ ከወጣ በኋላማ ቤት ውስጥ መቀመጥም አይቻልም፣ እኛ ግቢ ሰው ሁሉ ፍራሽ አውጥቶ ውጭ ነው የሚተኛው። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ግቢ ውስጥ አነባለሁ፣ ነፋስ ያለው ያኔ ብቻ ነው። "ጫት ለጥናት ያነቃል" የምትሉ ልጆች ደግሞ አላችሁ። እኔ አልሞከርኩትም፣ እማዬ ትገድለኛለች። ግን ሌሊቱን ሙሉ ገጽ ሲገልጥ ያደረ የክፍላችን ልጅ ፋይናል ላይ ስሙን ጽፎ ሲተኛ በዓይኔ አይቻለሁ። ፈታኙ ነው የቀሰቀሰው።

ከሚኒ ሚዲያ ወጥቻለሁ። ጥያቄና መልሱን አልተውኩም፣ ሐረርን አንድ ጊዜ ማሸነፍ አለብኝ።

ደብተሩ ሰኔ ላይ አለቀ። ትናንት ስገልጠው የመጨረሻዎቹ አራት ገጾች በእማዬ እጅ ተጽፈዋል፤ የሷ ሞልቶባት ኖሮ የኔን ተበድራለች። ከማትሪክሱ ጥያቄ ቀጥሎ "ስኳር 2 ኪሎ፣ ዘይት 1፣ ባለ ባጃጁ" ይላል። ለ12ኛ ክፍል አዲስ ላነሳ መደርደሪያው ጋ ስደርስ ከጀርባዬ "የመጀመሪያውን ዝም አልኩ፣ ይሄኛው በዱቤ ነው" አለችኝና ስሜን ጻፈች።